ዲቲኤፍ ማሽን ልግዛ ወይስ የታተመ ፊልም ልዘዝ? ለካናቴራ አታሚዎች የንጽጽር መመሪያ

የካናቴራ ህትመት ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ዛሬ ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን የዲቲኤፍ ማሽን ልግዛ?» ብሎ ነው። ዲቲኤፍ («ዳይሬክት ቱ ፊልም») ንድፉን በፕላስቲክ ፊልም ላይ አትሞ በሙቀት ልብስ ላይ የማሳረፍ ዘዴ ነው። ማሽኑን ከመግዛት በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ማሽኑን በየቀኑ የሚያሠራ ትእዛዝ አለኝ ወይ? ዲቲኤፍ በነጭ ቀለም የቆመ ሙያ ነው፤ ነጭ ቀለም ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። ቀለሙን ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከባድ ስለሆነ፣ ማሽኑ ለጥቂት ቀናት ሲቆም ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቱቦውን ያጠብባል፤ ቀዳዳዎቹ ከፀጉር የቀጠኑትን የማተሚያ ራስ ይደፍናል። የማተሚያ ራስ ደግሞ ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ ውዱ ነው።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በሳምንት ጥቂት ትእዛዝ ብቻ የሚቀበል ጀማሪ መጀመሪያ መግዛት ያለበት ማተሚያውን ሳይሆን ሂት ፕሬሱን፣ ማለትም ፊልሙን በሙቀት ልብሱ ላይ የሚጫነውን መሣሪያ ነው። ፊልሙን በየቀኑ በሚያትም ቤት ያሳትም፤ የራሱን ማሽን የሚገዛው ለፊልም ማሳተሚያ የሚከፍለው ገንዘብ በየወሩ እያደገ ሄዶ ማሽኑን ሥራ ሳያስፈታ ማቆየት ሲችል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ ምክር ለማን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደማይሠራ፣ ከዲቲኤፍ ይልቅ ሌላ ዘዴ የሚሻለውም መቼ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ሥራው እንዴት ይሄዳል

በዲቲኤፍ ንድፉ መጀመሪያ የሚያርፈው ልብሱ ላይ ሳይሆን ፔት ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ ፊልም ላይ ነው። ንድፉ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ተገልብጦ ይታተማል፤ ባለቀለሙ ክፍል ይቀድማል፣ ነጩ በላዩ ይከተላል። ቀለሙ ሳይደርቅ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል። ዱቄቱ እርጥቡ ቀለም ላይ ብቻ ይጣበቅና ትርፉ ይራገፋል፤ ቀጥሎ በሙቀት ይቀልጣል። ያለቀለት ፊልም ልብሱ ላይ ተነጥፎ፣ ለጥጥ በአብዛኛው በ150 እና በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫናል፤ ፊልሙ ይላጣል፤ ከዚያም ልብሱ ለጥቂት ሰከንድ ድጋሚ ይጫናል። ቁጥሮቹ እንደ ዱቄቱና እንደ ፊልሙ ዓይነት ስለሚለያዩ የአቅራቢው መመሪያ ይቀድማል።

የሙያውን መልክ የለወጠው በህትመቱና በጭነቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሙጫው ቀልጦ የበረደ ፊልም ከእርጥበትና ከፀሐይ ተጠብቆ ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ አንዱ ከተማ ውስጥ የታተመ ሌላው ከተማ ውስጥ ይጫናል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል፤ ደንበኛው ንድፎቹን 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው አንድ ረጅም ፊልም ላይ ደርድሮ በኢንተርኔት ይልካል፣ ያለቀለት ጥቅል በፖስታ ይደርሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥም ዲቲኤፍ በሜትር የሚያትሙ ቤቶች ስላሉ፣ ደሴ ወይም ጅማ ያለ ሰው ፊልሙን በአውቶቡስ አስልኮ በራሱ ፕሬስ መጫን ይችላል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ያልተሸጠ ዕቃ አለመታቀፍ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በየክረምቱ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ በዓል ካናቴራ መሸጥ የሚፈልግ ነጋዴ፣ በልማድ ሁሉንም መጠን አሳትሞ ይዞ ይሄድና ትልልቆቹ አልቀውበት ትንንሾቹ ይቀሩበት ነበር። አሁን ያልታተሙ ካናቴራዎችን፣ ጥቅል ፊልምና አንድ ፕሬስ ይዞ ቢሄድ፣ ገዢው የመረጠውን ንድፍ በመረጠው መጠንና ቀለም እዚያው ጭኖ ያስረክበዋል። የተረፈው ባዶ ካናቴራ ለቀጣዩ ሥራ ይውላል። ለጥምቀት፣ ለምረቃ፣ ለሰፈር ውድድር የሚሠራ አታሚም እንዲሁ ያደርጋል።

ዋጋውን በቦታ ያስሉ

ፊልም የሚሸጠው በርዝመት ስለሆነ የህትመት ወጪዎን የሚወስነው ንድፉ የሚይዘው ቦታ ነው። የ60 ሴንቲ ሜትር ጥቅል ዳርና ዳሩ ሲቀነስ 55 ያህል ይታተምበታል እንበል። 27 በ32 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደረት ንድፍ ጎን ለጎን ሁለት፣ ቁልቁል ሦስት ይገባል፤ ከአንድ ሜትር ስድስት ይወጣል ማለት ነው። 8 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድርጅት አርማ ግን በመካከሉ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ትተው ቢደረድሩት ስድስት በአሥራ አንድ፣ 66 ይወጣል። ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ዋጋ «በካናቴራ» የሚቆርጥ አታሚ በትልልቅ ንድፎች ላይ ይከስራል፣ በትንንሾቹ ላይ ደግሞ ደንበኛ ያስመርራል።

እዚህ ላይ በብዙ ሥራ ላይ የምመክረው አንድ የንድፍ ማስተካከያ አለ። ካናቴራው ጥቁር ከሆነ በንድፉ ውስጥ ያለውን ጥቁር ክፍል ያስወጡት፤ የጨርቁ ጥቁር ራሱ ሥራውን ይሠራል። ነጭ ቀለምና ሙጫ ይቆጠባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብሱ አየር ያስገባል። የዲቲኤፍ ትልቁ ድክመት ሰፊና ድፍን ንድፍ ደረት ላይ እንደ ፕላስቲክ ሉህ መሆኑ ነው፤ አፋር ወይም ድሬዳዋ ውስጥ ለሚለብሰው ሰው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ለሚሠራውም ቢሆን፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንድፉን በነጠብጣብ መበተን፣ መሐሉን መክፈትና ዳርቻውን ማሳሳት ልብሱ የሚለበስ ወይም ሳጥን ውስጥ የሚቀር መሆኑን ይወስናል።

ዲቲኤፍ የማይመረጥበት ጊዜ

ስክሪን ህትመት አልሞተም፤ የሚሞትም አይመስለኝም። በስክሪን ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት ተዘጋጅቶ በብርሃን ይቀረጻል፤ ድካሙ ሁሉ ከመጀመሪያው ካናቴራ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ካናቴራ የሚፈጀው ጥቂት ቀለምና ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በዲቲኤፍ በተቃራኒው አንደኛውም ሆነ ሺኛው ካናቴራ የሚፈጀው ፊልም፣ ቀለምና ዱቄት እኩል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በ10 ሺህ ተሳታፊዎች የተጀመረውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ያስቡ፤ ዛሬ ተሳታፊው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ለዚያ ዓይነት አንድ ወጥ ትእዛዝ ካናቴራ በካናቴራ ፊልም እያነጠፉ መጫን ጊዜም ገንዘብም ማባከን ነው።

እኔ የምጠቀምበት መስመር እንዲህ ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ቀለም ሆኖ ከ100 ካናቴራ በላይ ከሆነ ስክሪን፤ ፎቶግራፍ ያለበት ወይም ቀለመ ብዙ ሆኖ ከ50 በታች ከሆነ ዲቲኤፍ። በመካከል ያለውን በወረቀት ላይ ማስላት ነው። የሟች ፎቶግራፍ ያለበት የመታሰቢያ ካናቴራ ለሠላሳ ቤተ ዘመድ፣ ያውም ለነገ ሲታዘዝ ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ ተመልሷል። እንዲህ ያለውን ሥራ በክብርና በጊዜ የሚያደርስ ዘዴ ከዲቲኤፍ በፊት ብዙም አልነበረም።

የስፖርት ማሊያ ላይ ፍርዴ ይለያል። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ፖሊስተር ከሆነ ሰብሊሜሽን ይበልጣል። በሰብሊሜሽን ቀለሙ በሙቀት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ክሩ ውስጥ ስለሚገባ በእጅ አይዳሰስም፣ አይላጥም፣ ላብም አያፍንም። ድክመቱ ጥጥ ላይ አለመያዙና ነጭ ቀለም ስለሌለው በጥቁር ጨርቅ ላይ አለመታየቱ ነው። ቀለም በቀጥታ ልብሱ ላይ የሚረጨው ዲቲጂ ደግሞ በጥሩ ጥጥ ላይ ለስላሳ ህትመት ይሰጣል፤ ሆኖም ደማቅና ጥቁር ጨርቆች አስቀድመው መድኃኒት ይረጭባቸዋል፣ ማሽኑም ውድ ነው። የጥራት ልብስ ለሚሸጥ ሰው ነው የሚሆነው።

ቪኒል የሚባለውን ባለቀለም የፕላስቲክ ሉህ ቆርጦ መለጠፍ ለስምና ለቁጥር አሁንም ጥሩ ነው። የግዕዝ ፊደል ሲመጣ ግን ትዕግሥት ይፈትናል። የ«መ»ን፣ የ«ወ»ን፣ የ«ቀ»ን ክብ ሆድ፣ የ«ጿ»ንና የ«ጧ»ን ትንንሽ ቅጥያዎች አንድ በአንድ በመርፌ ማንሳት ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወይም ጥቅስ ያለበት ካናቴራ በቪኒል ከመሥራት ይልቅ በዲቲኤፍ ማሳተም ሰዓታት ያተርፋል።

ቀይ ማሊያ ለምን ነጩን ሮዝ ያደርጋል

ብዙ አታሚ የሚቸገርበት ስለሆነ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀይ ፖሊስተር ማሊያ ላይ ነጭ ቁጥር ተጭኖ ሲያስረክቡት ነጭ ነው፤ ከቀናት በኋላ ሮዝ ይሆናል። ፖሊስተሩ የተነከረበት ቀለም በፕሬሱ ሙቀት ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ነጩ ይሰርጋል። ዲቲኤፉም ሆነ አታሚው ጥፋት የለባቸውም፤ የጨርቁ ጠባይ ነው። መፍትሔው ሙቀትን መቀነስ ነው። ዝቅ ባለ ሙቀት፣ በ130 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጡ ዱቄቶች አሉ። ከዚህ ሌላ ከነጩ በስተጀርባ ሆኖ የጨርቁን ቀለም የሚገታ ጥቁር ዱቄት በገበያ ላይ እየተለመደ መጥቷል። የስፖርት ክለብ ደንበኛ ካለዎት ፊልም ሲያሳትሙ «ለፖሊስተር፣ ቀለም በሚገታ ዱቄት» ብለው ማዘዝ ይልመዱ፤ ትንሽ ዋጋ ቢጨምርም ሙሉ ቡድን ማሊያ ከመተካት ይሻላል።

ማሽን ለመግዛት ከቆረጡ

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የተለወጠ የፎቶ ማተሚያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ባለስድስት ቀለሙ ኤፕሰን ኤል1800 ሲሆን፣ ከስድስቱ የቀለም መስመሮች አራቱ ለዋናዎቹ ቀለሞች፣ ሁለቱ ለነጭ ይደረጋሉ። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ይማርካል። ነገር ግን ነጩን የሚያዞርና የሚያናውጥ ሥርዓት ሳይኖረው የተወለደ ማሽን ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ለውጦ የጨመረለት ነገር ሁሉ የመበላሸት ዕድል ነው። ለመማሪያ ካልሆነ አልመክረውም።

ሁለተኛው ከመነሻው ለዲቲኤፍ የተሠራ ትንሽ ማሽን ነው። እዚህ ላይ ነው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ትልቅ ለውጥ የመጣው። በመጀመሪያ ዲቲኤፍን ያስፋፉት አነስተኛ የቻይና አምራቾችና ማሽን የሚለውጡ ባለሙያዎች ነበሩ። አሁን ስመ ጥሮቹ የማተሚያ ማሽን አምራቾች ገብተዋል፤ ሚማኪ በ2023 እ.ኤ.አ. ለዲቲኤፍ የተሠራ የራሱን ማሽን ለገበያ አቀረበ፣ ሮላንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሽን አወጣ፣ ኤፕሰንም ተከተለ። እነዚህ ማሽኖች ነጩን ሳያቋርጡ ያዞራሉ፤ ራሳቸውን በየጊዜው ያጸዳሉ። ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ለገንዘቡ የሚያገኙት ዕረፍት ነው።

ሦስተኛው 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው፣ ዱቄት የሚነሰንስና የሚያደርቅ ምድጃ ከኋላው የተገጠመለት የጥቅል ማሽን ነው። ይህ ለሌሎች አታሚዎች በሜትር ለሚያትም ቤት ነው። ከራሱ ደንበኛ ትእዛዝ ብቻ የሚኖር ሱቅ ይህን ገዝቶ ሥራ ቢያስፈታው በመጀመሪያ ላይ ያልኩት ችግር በእጥፍ ይመጣበታል።

የትኛውንም ቢመርጡ የኢትዮጵያን ሁኔታ ከሒሳብ ያስገቡ። መብራት በህትመት መካከል ሲጠፋ የማተሚያው ራስ ከማረፊያው ውጪ ቀርቶ ይደርቃል፣ ነጩን የሚያዞረው ፓምፕም ይቆማል። ስለዚህ ለማተሚያው፣ ለፓምፑና ለኮምፒውተሩ የሚበቃ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የማሽኑ አካል እንጂ ተጨማሪ ዕቃ አይደለም። ሂት ፕሬስ ግን ሁለት ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ በትንሽ ዩፒኤስ አይሞከርም፤ ፕሬሱ ቢጠፋ የሚጎዳው ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው የአየሩ ጠባይ ነው። ዲቲኤፍ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይወዳል። በአዲስ አበባ የበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ሲሆን ፊልሙ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ዱቄቱን ወደማይፈለግበት ቦታ ይስባል፣ ቀዳዳዎቹም ቶሎ ይደርቃሉ፤ እርጥበት ሰጪ ማሽን ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ዱቄቱ እርጥበት ይስብና ይጓጉላል፤ በጥብቅ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግድግዳ ላይ መስቀል ብዙ መላ ምት ያስቀራል።

ዱቄቱ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስም አይናቅ። ብዙ ወጣቶች መስኮት በሌለው አንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ይህ ያሳስበኛል። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ወይም የሚያጣራ መሣሪያ፣ ዱቄት ሲነሰንሱም ማስክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በበጀቱ ውስጥ ይኑር።

ከአዳዲሶቹ ነገሮች የትኛው ይጠቅማል

በትኩሱ የሚላጥ ፊልም ይጠቅማል። ፊልሙ እስኪበርድ መጠበቅ ሲቀር አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚጭነው ካናቴራ ብዙ ይጨምራል። በቀዝቃዛ የሚላጠው ግን ለጀማሪ እጅ ይቅር ባይ ነው፤ ያልያዘ ጠርዝ ካለ ሳይቀደድ ይታያል። የሚያንጸባርቁ፣ የፍሎረሰንት ቀለሞች ከተራዎቹ ቀለሞች አቅም በላይ የሆነውን ደማቅ አረንጓዴና ብርቱካናማ ይሰጣሉ፤ በሜትር የሚያሳትም ሰው ሲፈልግ ብቻ ቢያዝዛቸው ይበቃዋል። ቀለሙ በዲጂታል፣ ነጩና ሙጫው በስክሪን የሚታተምበት ድብልቅ ዘዴ ደግሞ ለብዙ ቁጥር ትእዛዝ ልስላሴንም ጥንካሬንም ስለሚያቀርብ በቅርብ የምከታተለው ነው።

ዱቄት አልባ ዲቲኤፍ፣ ሙጫው ራሱ በፈሳሽ መልክ የሚታተምበት፣ አቧራውንም ጭሱንም ስለሚቀንስ ወደፊት ብዙ ተስፋ የምጥልበት ነው። ለትንሽ ሱቅ ግን ገና ነው፤ ዋጋውም ዕቃ አቅርቦቱም ይጠበቅ። ሕፃናት ልብስ የሚሠራ ወይም ወደ አውሮፓ የሚልክ ሰው ቀለሙና ዱቄቱ ከጎጂ ኬሚካል ነፃ መሆናቸውን የሚያሳየው የኦኮቴክስ ማረጋገጫ እንዳላቸው ይጠይቅ፤ የውጭ ገዢዎች ይህን ወረቀት እየጠየቁ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዩቪ ዲቲኤፍ የሚባለው ለልብስ አይደለም። በብርሃን የሚደርቅ ቀለም ሆኖ ለብርጭቆ፣ ለእንጨትና ለብረት የሚለጠፍ ነው። ስሙ ስለሚመሳሰል ለካናቴራ ብለው ማሽኑን እንዳይገዙ።

ፊልም ሲያሳትሙ

የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ፋይል ከመላክዎ በፊት ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ይለውጧቸው፤ አለዚያ የግዕዝ ፎንቱ በአታሚው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። መስታወታዊ ግልበጣውን ማን እንደሚያደርግ ተስማሙ፤ ሁለታችሁም ከገለበጣችሁት ተመልሶ ይቃናና ካናቴራው ላይ ግራው ቀኝ ይሆናል። ቀጭን መስመር ዱቄት የሚይዝበት ቦታ ስለሚያጣ ከታጠበ በኋላ ይነሣል፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ አይሁን፤ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በተለይ ሰረዙ የቀጠነ የጥንት ዓይነት ፎንት ሲጠቀሙ የፊደሎቹን ወገብ ማወፈር አይርሱ።

ከአዲስ አታሚ ቤት ትልቅ ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ሜትር ብቻ ያሳትሙ። በጥጥም፣ በድብልቅ ጨርቅም ጭነው አንድ ቀን ያሳድሩ። ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጅ ወጥረው ይሳቡት፤ ንድፉ ሳይሰነጠቅ አብሮ መሳብና መመለስ አለበት። ቀጥሎ ደንበኛዎ እንደሚያጥበው ያጥቡት። ብዙው ቤት በእጅ፣ በደረቅ ሳሙና፣ ጨርቅ በጨርቅ እየታሸ ነው የሚታጠበው፤ ይህ ከማሽን ይልቅ ጠርዝ ያነሣል። ለደንበኛም ካናቴራውን ገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ እንዲያጥብ፣ በረኪና እንዳያስነካው፣ ካውያም በንድፉ ላይ እንዳያሳርፍ በወረቀት ጽፈው ይስጡት።

ማሽን ሻጩን ደግሞ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሚሸጠው ማሽን ለሁለት ሳምንት ቢቆም ምን እንደሚያደርጉ፣ ቀለሙና ዱቄቱ ያለማቋረጥ የሚገኘው ከማን እንደሆነ፣ የማተሚያው ራስ በዋስትናው ውስጥ መሆን አለመሆኑን። ለመጨረሻው «ራሱ አላቂ ዕቃ ስለሆነ አይካተትም» ከተባሉ፣ የአንድ ተተኪ ራስ ዋጋ በማሽኑ ዋጋ ላይ ደምረው ሒሳቡን እንደገና ይሥሩት።